አቮካዶ፣ ሙዝና የአያት እጅ

ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ያለበት ቤት ክርክር አያጣም። እኛ ቤት ክርክሩን ያመጣው አቮካዶ ነው። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ እዚሁ አዲስ አበባ ቀርታለች። ሥራ ስገባ ልጄን የምትይዘውም የምታበላውም እርሷ ናት። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚጻፈው ሁሉ ደግሞ እናትን ብቻ የሚያናግር ይመስላል፤ «ልጅሽን እንዲህ አድርጊ፣ እንዲህ አታድርጊ» ይላል። ማንኪያውን የያዘው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የእናት አይደለም። የአያት ነው፤ የሞግዚት ነው፤ አንዳንዴም የታላቅ እህት ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ዘጠናው ቀን ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ምክሩ ደግሞ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየሰጡ ማጥባቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል ነው። ስለዚህ ልጅ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትቀምስ ደመወዝተኛ እናት አብዛኛውን ጊዜ ቢሮዋ ናት። እኔንም ከየትኛው ፍሬ እንጀምር ከሚለው ይልቅ ያስጨነቀኝ ማን፣ እንዴት አድርጎ ያበላታል የሚለው ነበር።

በአገራችን ሕፃን ይጋታል። አይቶ ለማያውቅ ሰው ለመግለጽ ያህል፣ ልጁ ጭን ላይ በጀርባው ይንጋለላል። የምትግተው ሴት ግራ እጇን ከአፉ ሥር አጥፋ ቦይ ታበጃለች፤ አጥሚቱ ወይም የአብሽ ውኃው በመዳፏ በኩል ወደ አፉ ይፈስሳል። ልጁ ሲያለቅስ አፉ ይከፈታል፤ ሲከፈት ይጨመርለታል። ሲያበቃ ሆዱ ተወጥሯል፣ አያትም ደስ ብሏታል። እናቴ እኔንም ወንድሞቼንም ያሳደገችው እንዲህ ነው። «ታዲያ ማን ሞተብኝ?» ትለኛለች። ለዚህ መልስ የለኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም።

ነገር ግን የሚያለቅስ ልጅ በኃይል አየር ይስባል። አፉ ውስጥ ምግብ እያለ አየር ሲስብ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጀርባው የተንጋለለ ሕፃን ደግሞ ያልወደደውን በቀላሉ ተፍቶ ማውጣት አይችልም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ጉዳት ነው፤ የሚጋት ልጅ «በቃኝ» ሲል ሰሚ የለውም። ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ይገጥማል፣ በእጁ ይገፋል፤ ይህ ሁሉ እንደ እምቢተኝነት ይቆጠርበታል።

ለስላሳ ፍራፍሬን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። በሹካ የተደቆሰ አቮካዶ አይፈስም፣ በመዳፍም አይጋትም። ማንኪያ ይፈልጋል፤ ማንኪያው ደግሞ የተቀመጠ ልጅና በፈቃዱ የተከፈተ አፍ ይፈልጋል። ከእናቴ ጋር ስለ መጋት ጉዳት ፊት ለፊት ከመከራከር ይልቅ ሊጋት የማይችል ምግብ ቤት ውስጥ ማስገባት ቀለለኝ። ተንኮል ነው ካላችሁ ተንኮል ነው።

እናቴ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም። ወዲያው «ለምን ጁስ አናደርገውም?» አለች። የጁስ ቤት ልጆች የሆንነው የከተማ ሰዎች ይህን ጥያቄ በሚገባ እንረዳዋለን። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው በብርጭቆ ተደራርቦ እስፕሪስ ሲሆን የማይወደው ማን ነው? ለሕፃን ግን አይሆንም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭማቂ አያስፈልገውም ብሏል፤ ያለ ስኳር የተጨመቀም ቢሆን። ፈሳሽ ቶሎ ይጠጣል፣ ትንሿን ሆድ ይሞላል፣ የጡት ወተቱንና የገንፎውን ቦታ ይወስዳል። ልጅቷም በምላስ ማንከባለልን፣ በድድ ማድቀቅን፣ መዋጥን የምትለማመድበት ዕድል ያመልጣታል። ጡጦ ከተጨመረበት ደግሞ የጡጦው ጫፍ በደንብ ካልታጠበና ካልተቀቀለ የተቅማጥ ምንጭ ይሆናል። ጁሱ ተመልሶ መጋትን ያመጣል የሚለውን ለራሴ ያዝኩት።

ስድስት ወር ስንል የልደት ቀኗን ቆጥረን በማግስቱ ማንኪያ እናነሣለን ማለት አይደለም። ልጅቷ አንገቷን አጽንታ መያዝ፣ በትንሽ ድጋፍ ቀጥ ብላ መቀመጥ አለባት። ምላሷም የገባላትን ሁሉ ወደ ውጭ መግፋቱን መተው አለበት። ሰው ሲበላ እያየች እጇን መዘርጋቷ ደስ ይላል፤ እኔ ግን በእርሱ ብቻ አልተማመንም፤ የእኔዋ ልጅ እጇን ለስልክም ለጫማም ትዘረጋለች። የሕፃን መቀመጫ መግዛት የግድ አይደለም። ጭን ላይ፣ ጀርባዋ ከያዛት ሰው ደረት ጋር ገጥሞ፣ ፊቷ ወደ ማዕዱ ሆኖ መቀመጥ በቂ ነው። መንጋለል የለም፣ ስትስቅ ወይም ስታለቅስ ማጉረስ የለም፣ እየዳኸች ማጉረስ የለም፣ ብቻዋን ከምግብ ጋር ትቶ መሄድም የለም። እኛ ቤት ሕጉ ይኸው ነው፤ ከፍሬው ምርጫ ይልቅ የምከራከርለትም ይህ ነው።

ከፍሬዎቹ አቮካዶን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን የሚፈልገው ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው። መቶ ግራም አቮካዶ ወደ 160 ይሰጣል፤ አብዛኛው ከስቡ የሚገኝ ነው። ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ ለምትበላ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መብሰሉን ማወቅ ላይ ነው። የአገሩ ዝርያ በስሎም ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሀስ የሚባለው፣ አሁን ገበሬዎቻችን ለውጭ ገበያ በብዛት የሚያለሙት፣ ሲበስል ወደ ጥቁርነት ያደላል። ስለዚህ ቀለሙን ትቼ መዳፌ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ፤ እሺ ካለ በስሏል። ሻጮች በአውራ ጣት ሲጫኑባቸው ይቆጣሉ፤ እውነት አላቸው፤ አንድ አቮካዶ በየገዢው አውራ ጣት ስንቴ ቆስሎ እንደሚመጣ ፍሬውን ስትከፍቱት ታዩታላችሁ። የሚሸጥላችሁን ሰው «ዛሬ ለሕፃን የሚበላ» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል፤ ለሕፃን ሲባል ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል። ከተቆረጠ በኋላ የሚጠቁረው አየር ስለነካው ነው፤ ጠቆረ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሚበቃትን ብቻ ደቁሶ ቀሪውን ከነዘሩ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይቀላል።

የአርባ ምንጭ ሙዝ ቀላሉና ርካሹ ነው። ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የጣለው ለሕፃን ይስማማል፤ ጫፉ አረንጓዴ የሆነው ግን ስታርቹ ገና ወደ ስኳር አልተለወጠምና ለሆዷ ይከብዳል። ስለ ሙዝ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። በማግስቱ የልጅቷ ዓይነ ምድር ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ክሮች ይታያሉ። እናቴ «ወስፋት ነው!» ብላ ቤቱን አናጋችው። ከሙዙ መካከል የሚገኘው ክር መሰል ነገር ሳይፈጭ ሲወጣ ነው እንዲያ የሚመስለው። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መድኃኒት ከመጠየቃችሁ በፊት ትናንት ምን እንደበላች አስታውሱ።

ፓፓያ ሆድ ያላላል፣ የደረቀባትን ልጅ ይረዳል። ጥቁሮቹን ፍሬዎች በማንኪያ ጠርጎ ማውጣት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ማንጎ ግን እንደ ዓይነቱ ነው። ቃጫው በጥርስ መካከል የሚሰነቀረው የአገር ማንጎ ጣፋጭ ቢሆንም ለሕፃን በወንፊት መጠለል አለበት። ቃጫ የሌለው ከሆነ መደቆስ ይበቃዋል። ልጣጩ አካባቢ ያለው ፈሳሽ ደግሞ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ስለዚህ ወፈር አድርጎ መላጥ፣ የልጣጩን ውስጥ እንድትልስ አለመስጠት ነው። ዘይቱን (ጉዋቫ) የሚባለውን ፍሬ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬዋለሁ። መቶ ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሲይዝ፣ ሙዝ አሥር እንኳ አይሞላም። የውስጡ ዘሮች ጠጣር ስለሆኑ ቀቅሎ በወንፊት ማሳለፍ ይጠይቃል፤ ድካሙ ለምን እንደሚያዋጣ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ደግሞ ለስላሳ መስለው የሚያታልሉት። ወይን በጣት ሲጫኑት ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ክብ፣ አንሸራታችና የሕፃን ጉሮሮ በልኩ የሚዘጋ ነው። ሙሉውን መስጠት ፈጽሞ አይቻልም፤ በቁመቱ አራት ቦታ መሰንጠቅ አለበት፤ ጥንቃቄው እስከ አራት አምስት ዓመት ይቀጥላል። ጊሽጣ ሥጋው የሕፃን ምግብ ይመስላል፤ ዘሩ ግን አንሸራታች ነው፣ ውስጡም መርዛማ ነው። አንዲት ፍሬ ሳትቀር ለቅሞ ለማውጣት ትዕግሥት ያላችሁ ስጡ፤ እኔ የለኝም። የጨንቻ ፖም ጥሬው ለሕፃን ጠጣር ነው፤ ተቀቅሎ ሲደቆስ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል። የክረምቱ ኮክና ፕሪምም እንዲሁ፤ ፍሬያቸው ወጥቶ፣ ልጣጫቸው ተገፎ፣ ትንሽ ቢቀቀሉ መልካም ነው። ቴምር ያጣብቃል፤ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የእኔ መፈተኛ አንድ ናት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሳልታገል ካልደቀቀ ጥርስ ለሌለው ድድ አይሰጥም።

ወደ አስፈሪው ነገር ልምጣ። አዲስ በላተኛ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሊያስመልሳት ይላል። ምላሷ ትወጣለች፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ታስላለች፣ ትጮኻለች። ይህ መታነቅ አይደለም። ሕፃናት ላይ ማስመለስን የሚቀሰቅሰው የምላስ ክፍል ከአዋቂ ይልቅ ወደ ፊት የቀረበ ስለሆነ ምግቡ ገና ጉሮሮ ሳይደርስ ሰውነቷ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ሥራውን እየሠራ ነውና ዝም ብሎ ማየት ነው፤ ይህን ዝምታ መልመድ ግን ከባድ ነው። እናቴ እንዲህ ሲሆን ባየች ጊዜ «እንጥሏ ወርዷል» አለች። ይህ ቃል ወዴት እንደሚያመራ የምናውቅ እናውቃለን። ስንት ሕፃን ምግብ ሲያስመልሰው እንጥሉን ተቆርጧል! ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን የሚያመጣ፣ ለማስመለሱ ደግሞ አንዳች የማይጠቅም ነገር ነው። በዚህ ላይ አልተለሳለስኩም፤ እናቴም ፊቴን አይታ ነገሩን ሁለተኛ አላነሣችውም።

የሚያስፈራው መታነቅ ድምፅ የለውም። ልጅቷ ማልቀስም ማሳልም ያቅታታል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ውኃ ማጠጣት፣ ጣት አስገብቶ በጭፍን መፈለግ ምግቡን ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አንድ ዓመት ያልሞላት ከሆነች በክንድ ላይ በደረቷ አስተኝቶ፣ አገጯን ደግፎ፣ ጭንቅላቷን ከደረቷ ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል በመዳፍ ሥር አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መምታት ነው። ካልወጣ በጀርባዋ ገልብጦ የደረቷን አጥንት መካከል አምስት ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ እያፈራረቁ መቀጠል። ሆዷን መጫን የለም። ራሷን ከሳተች የልብና የሳንባ እርዳታ ይጀመራል። ሌላው ሰው በዚህ መካከል ይደውላል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ሁለቱን ቁጥሮች በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌአለሁ፤ የጀርባ ምቱን ደግሞ እናቴ በአሻንጉሊት ላይ ተለማምዳዋለች፤ እየሳቀች ቢሆንም። ይህን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የምታገኙበት ቦታ ካለ አያትንም ሞግዚትንም ይዛችሁ ሂዱ።

«ፍራፍሬ ብርድ ነው፣ ያስላታል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አይወስድብኝም። ከማቀዝቀዣ የወጣውን ትንሽ ውጭ አቆየዋለሁ፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። «ጥርስ ልታወጣ ነው፣ ለዚያ ነው የሚያስቀምጣት» የሚለው ግን አያልፍም። ጥርስ የሚወጣበት ጊዜና ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትከትበት፣ ምግብም የምትጀምርበት ጊዜ አንድ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው እጅ፣ ቢላዋ፣ መክተፊያና ውኃ ነው። ልጣጩ የሚጣል ፍሬ እንኳ ሳይታጠብ ከተቆረጠ ቢላዋው ከላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ስለዚህ አቮካዶም ሙዝም መጀመሪያ ይታጠባል። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ፍራፍሬ አይቆረጥም። መታጠቢያው ውኃ የሚያጠራጥር ከሆነ ይፈላል ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ ይታከማል።

አዲስ ፍሬ ስንጀምር ለብቻው፣ ጠዋት ላይ ነው የምንሰጠው፤ አንድ ነገር ብታሳይ ቀን ሐኪም ይገኛል። እንጆሪና ብርቱካን ከአፏ ዙሪያ ቆዳዋን ሲያቀሉት ብዙ ጊዜ አሲዱ ነው፣ ታጥቦ ይጠፋል። የከንፈር ወይም የፊት እብጠት፣ ሰውነት ላይ የሚወጣ እብጥብጥ ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር ግን የአለርጂ ምልክት ነው፤ ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ነው። ፍሬውን ከማር ጋር ማሸት ደግሞ የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላት በጣት ጫፍ እንኳ ክልክል ነው። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር የአዋቂን ሆድ ምንም አያደርገውም፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያመነጫል። የጎጃም ነጭ ማር ነው፣ ንጹሕ ነው ማለት አያድንም። ስኳርና ጨውም አንጨምርም፤ ሙዝ ላይ ስኳር የሚጨምር ሰው ምን እንደሚያስብ ገብቶኝ አያውቅም።

አሁን ፍራፍሬን ብዙ ካሞገስኩ በኋላ ልቀንስለት። ፍራፍሬ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የመጣችው የብረት ክምችት ስድስት ወር አካባቢ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ አቮካዶና ሙዝ ደግሞ በብረት ድሆች ናቸው። እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ የምስርና የጤፍ ገንፎው ግድ ናቸው። ለዘይቱን የደከምኩት እዚህ ላይ ነው፤ የእህሉ ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም፣ ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲበላ ግን ይሻለዋል። ስለዚህ ዘይቱኑ ወይም ፓፓያው ከገንፎው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀርባል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን የገባችው ይህን ለማስቀረት ነው። ፍራፍሬ በሚለቀምበት አካባቢ እንኳ ልጅ የሚቀነጭረው አንዱ ምክንያት ፍሬው ወደ ገበያ፣ ገንፎው ብቻ ወደ ልጁ ስለሚሄድ ይመስለኛል።

በጾም ወራት ነገሩ ይገለበጣል። ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ የልጁ እንቁላል ሳይቀቀል ይቀራል፤ ፍራፍሬ ግን የጾም ስለሆነ ሁሉም በደስታ ያቀርበዋል። ሃምሳ አምስቱን የሁዳዴ ቀናት ሕፃን በሙዝና በአጥሚት ብቻ ሲያልፍ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን የጡት ልጅ ይጹም አላለችም። እኛ ለልጅቷ ብቻ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሰሃንና አንድ ማንኪያ ለየን፤ እናቴ ራሷ ናት ሐሳቡን ያመጣችው፣ ድስቱንም የገዛችው። ጾሟ አልተነካም፣ እንቁላሉም አልቀረም።

መጋቱ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል ብዬ አልምልም፤ ቀን ቀን ቢሮ ነኝ። ማታ ስገባ የማየው ግን ልጅቷ ከአያቷ ጭን ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ማንኪያው ሲመጣ አፏን ስትከፍት፣ ሲበቃት ፊቷን ስታዞር ነው። እናቴ አሁንም ታጉረመርማለች፤ «አንድ ጨምሪ፣ ለእኔ ስትይ» ትላታለች፤ ማንኪያውን ግን ታወርዳለች። በልጅቷ ሰሃን ላይ የተረፈው ምራቅ ስለነካው ለነገ አይቀመጥም። ያልተነካው የአቮካዶ ግማሽ ግን የአባቷ ነው፤ ቃሪያና ሎሚ ጨምሮበት፣ በዳቦ፣ ቆሞ ይበላዋል።